የአንድ ቋጠሮ አገር

ይህ ነገር የሆነው የካርታ ሠሪ እግር ባልረገጣት አገር ነው። ፈልጓት የሄደ ሰው መንገድ ይጠፋበታል፤ ቤቱ የተቀመጠ ግን አንዳንድ ቀን በመስኮቱ ያያታል።

አገሪቱ በሐይቅ ዳር ያለች ናት። በመካከሏ የክር ቤት የሚባል ረጅም አዳራሽ ነበር። የአዳራሹ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ ኩላብ በኩላብ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ኩላብ አለው፤ ሕያዋን ከታች፣ ሙታን ከላይ፣ በየትውልዳቸው ተደርድረው። በእያንዳንዱ ኩላብ ላይ አንዲት የመዳብ ቃጭል ተንጠልጥላለች። በሁለት ሰዎች መካከል አንድ ነገር ካለ ከአንዱ ኩላብ ወደ ሌላው ክር ይዘረጋል፤ ዝምድና ቀይ፣ ጠብ ጥቁር፣ ጉርብትና አረንጓዴ፣ ማስተማር ሰማያዊ። በዚያ አገር አንዱ ለሌላው ምኑ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ሰው አፉን ከፍቶ አይጠይቅም። ወደ ክር ቤት ሄዶ ክሩን ያስጎትታል፤ የማን ቃጭል እንደጮኸ ያዳምጣል፤ በቃ፣ ያ ነው።

ክሩ ብዙ ቀለም ነበረው፤ ቋጠሮው ግን አንድ ነው። በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ ሕዝቤ ሁሉ በእኩል ይታሰር ብለው ስላዘዙ የንጉሡ ቋጠሮ ይባላል። ይህ ቋጠሮ ሁለት ጠባይ ነበረው። አንደኛ፣ ወደ ሁለቱም ወገን ይጎትታል፤ እኔ ለአንተ የሆንኩትን አንተም ለእኔ ነህ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የደረሰበት ኩላብ ላይ አይቆምም፤ ቀለሙ እስካልተለወጠ ድረስ ወደሚቀጥለውና ከዚያም ወዲያ ወዳለው ያልፋል።

ለወንድማማቾች ይህ ደኅና ሕግ ነበር። ወንድሜ ከሆንክ ወንድምህ ነኝ፤ የወንድሜ ወንድምም ወንድሜ ነው። ችግሩ ክር ሁሉ ወንድማማችነት አለመሆኑ ነው።

የከተማው ፀጉር ቆራጭ የላጨው ሰው ሁሉ መልሶ እንዲላጨው ይገደድ ነበር። በሳምንት አርባ ሰው ይላጫል፣ እሱም በተራው በሳምንት አርባ ጊዜ ይላጫል፤ ራሱ እንደ ታረሰ ማሳ ቦይ በቦይ ሆኖ ቀረ። ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩት ሽማግሌ መምህር ሰማያዊው ክር ስለሚመለስባቸው የስድስት ዓመት ሕፃናት ፊት ቆመው ትምህርታቸውን ያሰማሉ። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አንድ ጊዜ ሂዱና አጥንታችሁ ተመለሱ ብላ ወደ ቤታቸው ሰድዳቸዋለች። የሰማንያ ዓመት ባልቴትም ነበሩ፤ የእናትነት ክር ስለሚመለስና ስለሚያልፍ በሕግ የልጅ ልጃቸው ልጅ ሆነው ስለተገኙ፣ ያለዚያ የስድስት ወር ሕፃን ፈቃድ ገበያ አይወጡም። ሕፃኑ ካለቀሰ ተከለከሉ፣ ከሳቀ ተፈቀደላቸው። በገበያ ቀን ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሕፃኑን ሲኮረኩር ይገኛል።

ሰው ይለምዳል፤ ይህንንም ለመዱት። ያልተለመዱት ሁለቱ ክሮች ናቸው፤ ጥቁሩና ቀዩ።

በአገሩ ሕግ የተጣሉ ሰዎች ሽማግሌ እስኪያስታርቃቸው በአንድ ገበታ አይቀርቡም። ጥቁሩ ክር ስለሚያልፍ ግን ሰው አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር ተጣልቶ ያድራል። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ሰዉ ምግቡን በመዳፉ ይዞ በየጥጉ ለብቻው ይበላል። ለምን ተጣላችሁ ቢባል የሚያውቅ የለም፤ ቃጭሉ ጮኋላ።

ቀዩም እንዲሁ ነው። በአገሩ ወግ እስከ ሰባት ቤት ያለ ዘመድ አይጋባም፤ ስምንተኛው ባዳ ነው። ጋብቻም ዝምድና ነው ተብሎ በቀይ ክር ስለሚታሰር፣ የአማች አማች፣ የእሱም አማች እያለ ቀዩ ክር አገሩን ከዳር እስከ ዳር አያያዘው። ሙሽሮች ነን ባዮች ክራቸውን ሲያስጎትቱ የአዳራሹ ቃጭል ሁሉ በቆርቆሮ ላይ በረዶ እንደወረደ አንድ ላይ ይንጫጫል። ያኔ የቋጠሮው አዛዥ፣ አዛዥ ቢተው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይነሡና ምን ያህል አንድ ሕዝብ እንደሆንን ተመልከቱ ብለው ንግግር ያደርጋሉ። ጋብቻውም ይከለከላል። አገሩ ሰርግ ካየ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ከበሮ መቺዎቹ ከበሮአቸውን ለዶሮ ማሳደሪያ ሰጥተዋል።

እንግዲህ በዚህ የክር ቤት ውስጥ አንጓች የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ቋጣሪ ነበረች። ዓይን አፋር ናት፤ ድምፅዋ ከአንገቷ በላይ አይወጣም። ስትናገር ሰው ሁሉ “እ?” እያለ ጆሮውን ስለሚያስጠጋ መናገሩን ትታ እጇን አስለመደች። በጣቶቿ ማሰር የማትችለው ነገር አልነበረም። የምትወደው ይርሳው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁለቱም የሚበቃ ያወራል።

ሁለት ጊዜ ክራቸውን አስጎትተዋል፤ ሁለት ጊዜም አዳራሹ ተንጫጭቷል። ሕጉ የሚፈቅደው ሦስት ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቃጭላቸው ቢጮህ አደባባይ ወጥተው ወንድሜ፣ እህቴ ይባባላሉ፤ ወንዱም ኑሮውን ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ደሴት ያዛውራል። ሦስተኛው የተቀጠረው በክር በዓል ቀን ነበር። ይርሳው ቀልዱን ባያቆምም ታንኳውን መጠጋገን ጀምሮ ነበር፤ አንጓችም ይህን አይታለች።

ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንጓች ብቻዋን የኩላቦቹን አቧራ ስትጠርግ የራሷን አረንጓዴ ክር ሳታስበው ጎተተችው። የጎረቤቷ ቃጭል ጮኸ። ቀጥሎ የራሷ ቃጭል ጮኸ። ደነገጠች፤ ደግማ ጎተተች፤ ደግሞ ጮኸ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አሰበችው። ክሩ ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል፤ ጎረቤቷም ደግሞ ጎረቤት አላት፤ የጎረቤቷ ጎረቤት ማን ናት? ራሷ አንጓች ናት። ተመላሽም አላፊም የሆነ ክር የትም ቢሄድ ዞሮ ከተነሣበት ሰው ይደርሳል። በሕጉ መሠረት እሷ የራሷ ጎረቤት ነበረች። ለብቻዋ ሳቀች።

ከዚያ ሳቋን አቆመች። ሰው ሁሉ ይህን እንዴት ሳይሰማ ኖረ?

መልሱ የጎታቹ የአያ ሙጬ ግራ እጅ ነበር። አያ ሙጬ በቀኝ እጃቸው ክር ሲጎትቱ በግራ መዳፋቸው የባለጉዳዩን ቃጭል ጨብጠው ይይዛሉ። አርባ ዓመት እንዲህ አድርገዋል፤ ከሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ። ሰው ሁሉ ለባለጉዳዩ ክብር ነው ይላል። አንጓች ሄዳ ለምን እንደሚይዙት ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ጆሮአቸውን አስጠግተው ሁለት ጊዜ ካስደገሟት በኋላ፣ ባለጉዳይ ይናገራል እንጂ ቃጭሉ አይናገርም ብለው መምህራቸው እንዳስተማሯቸው ነገሯት። ከዚያም፣ ቢናገር ምን እንደሚል ግን ጠይቄ አላውቅም አሉ።

አንጓች ገባት። ጥንት አንድ ጎታች ስህተቱን ሰምቶታል፤ ሰምቶም በመዳፉ ሸፈነው፤ መዳፉም እያደር ሥርዓት ሆነ።

በማግሥቱ ወደ ሐይቁ ወረደች። ይርሳው ከሸምበቆ የዓሣ ወጥመድ ይሠራ ነበር። ዓሣው በገባበት በር ለምን ተመልሶ እንደማይወጣ ጠየቀችው።

“ዓሣው ሞኝ ሆኖ እንዳይመስልሽ” አላት። “በሩ ነው። ሸምበቆዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ናቸው፤ ሲገባ ይከፈቱለታል፣ ሲወጣ ይወጉታል። የእናትሽ ቤት ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ስገባ ነው የምወጋው።”

እሷ ቀልዱን አልሰማችም። አንድ ያረጀ መረብ አንሥታ ቤቷ ወሰደች፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትፈታና ስትቋጥር ቆየች።

የክር በዓል ሦስት ቀን ይውላል። አዳራሹ በሰው ይሞላል፤ በመካከሉ ትልቅ ገበታ ይዘረጋል፤ አዛዡ ከገበታው ቆርሰው ሳይቀምሱ የማንም ጉዳይ አይታይም። ሌላም ወግ ነበር፤ ገበታው ከመቆረሱ በፊት የበዓሉ የመጀመሪያ ባለጉዳይ ለበረከት እንዲጎተት የፈለገውን አንድ ክር ይመርጣል። ሰው ሁሉ የሚመርጠው የጥንቱን ንጉሥ አረንጓዴ ክር ነው። የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ አንጓች ተጠራች፤ ቆመች።

“የአዛዥን ጥቁር” አለች።

ጸሐፊው “እ?” አላት። ደገመችው።

አዛዥ ቢተው ደስ አላቸው። በዓለም ላይ የተጣሉት ከአንድ ሰው ጋር ብቻ በመሆኑ ይኮራሉ፤ እሷም ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደብሬ ናት፤ ጠቡም በመስኮታቸው ሥር በሚጮኸው አውራ ዶሮዋ ነው። ወይዘሮ ደብሬም ከሳቸው በቀር የተጣላችው ሰው የለም። አያ ሙጬ ክሩን በቀኝ ያዙ፣ ግራ መዳፋቸውንም ወደ አዛዡ ቃጭል ዘረጉ።

“አያ ሙጬ” አለች አንጓች፣ በዚያች ትንሽ ድምፅዋ፤ “ዛሬ ቃጭሉን ባይይዙትስ?”

ሽማግሌው መዳፋቸውን አዩት። አርባ ዓመት የያዙትን ነገር አሰቡ መሰለኝ፤ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። ጎተቱ።

የወይዘሮ ደብሬ ቃጭል ጮኸ። ቀጥሎ፣ ጥርት ብሎ፣ የአዛዥ ቢተው ቃጭል ጮኸ።

ጸሐፊው የጮኸውን ሁሉ ጮክ ብሎ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ላብ አጠመቀው፤ ቢሆንም አነበበ። “አዛዥ ቢተው ከወይዘሮ ደብሬ ጋር ተጣልተዋል። አዛዥ ቢተው... ከአዛዥ ቢተው ጋር ተጣልተዋል።”

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ግን ጫማውን ማየት ጀመረ። አዛዥ ቢተው ለመቁረስ የዘረጉትን እጅ መለሱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሕግን ከልባቸው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። የተጣሉ በአንድ ገበታ አይቀርቡም። ገበታውን አዩ፣ ራሳቸውን አዩ፣ ተነሡ። እሳቸው ሳይቆርሱም ጉዳይ ስለማይታይ የአንጓች ሦስተኛ ጉተታ ባለበት ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ተጠሩ። በዳዩ ማን ነው ብለው ጠየቁ፤ አዛዡ እኔ ነኝ አሉ። ተበዳዩስ ቢሏቸው እኔው አሉ። እንግዲያው ይቅር ይበሉ ሲሏቸው አዛዡ ቆጣ ብለው፣ “መጀመሪያ በወጉ ይቅርታ ልጠየቅ እንጂ” አሉ። ራሳቸውን ይቅርታ ጠየቁ፤ ትንሽ አንገራግረው ተቀበሉ፤ አንደኛው ሽማግሌ አንገታቸውን ጎንበስ እያደረገላቸው የገዛ ትከሻቸውን ሳሙ። ክሩ ቢጎተት ቃጭሉ እንደገና ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ራስዎ ቂም ይዘውብዎታል ብለው ሄዱ።

ወደ ወይዘሮ ደብሬም መልእክተኛ ተላከ። እሷ መታረቁን አልጠላችም፤ አዛዡ ግን መጥተው አውራ ዶሮውን ፊት ለፊት ይቅርታ ይጠይቁ አለች። አዛዡ ይህን ሲሰሙ ረሃቡን መረጡ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ብልህ አሽከር፣ ገበታ የሚባለው ተቀምጠው ሲቀርቡት ነውና እየሄዱ የሚበላ ቆሎ ገበታ አይባልም ብሎ መከራቸው። አዛዥ ቢተው በሁለት ኪሳቸው ሽምብራ ሞልተው እየቆረጠሙ፣ እንዳይቆሙ እየተጠነቀቁ፣ አንጓች ወደምትቋጥርበት ጓዳ ገቡ። በሥራ ጠረጴዛዋ ዙሪያ ይዞሩ ጀመር፤ እሷም ጀርባ መስጠት ነውር ስለሆነ አብራቸው ትዞራለች።

“ልጄ” አሉ፣ “እኔ ከራሴ ጋር አልተጣላሁም።”

“አውቃለሁ ጌታዬ። ቋጠሮው ነው።”

“ቋጠሮው አንድ የሆነው ለእኩልነት ነው። ማንም ከማንም እንዳይበልጥ።”

አንጓች የያዘችውን ክር አስቀመጠች። ከዚያ በሕይወቷ ረጅሙን ንግግር ተናገረች። “ጌታዬ፣ ሰዎቹ እኩል ናቸው። ክሮቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ክሩን ሳንጠይቀው ነው የምንቋጥረው።”

“ክር ይጠየቃል እንዴ?”

“ሦስት ነገር ይጠየቃል። ትመለሳለህ? ታልፋለህ? ብቻህን ነህ ወይስ ከዚህ ኩላብ ላይ እንዳንተ ያለ ሌላም ይታሰራል?”

ይህን ብላ በአሮጌው መረብ ላይ የሠራቻቸውን ቋጠሮዎች አሳየቻቸው። አንደኛው የሚመልስ ግን የማያሳልፍ ነው። ሁለተኛው እንደ ዓሣ ወጥመድ በር ወደ አንድ ወገን ብቻ ይለቃል። ሦስተኛው በአንድ ወገን እየለቀቀ ያሳልፋል። አራተኛው ደግሞ ኩላቡን ሙሉ ይይዝና ሌላ እንደሱ ያለ አያስጠጋም። አዛዡ መዞራቸውን ሳያቆሙ አንድ በአንድ ፈተኗት። ጠብ አሏት፤ ይመለሳል፣ አያልፍም አለች። ማስተማር አሏት፤ አይመለስም፣ አያልፍም፣ የመምህሬ መምህር ዓይኔንም አላዩኝ አለች። እናት ሲሏት፣ አይመለስም፣ ለአንድ ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ የዘር ሐረግ ሲሏት ደግሞ፣ ወደ ላይ ያልፋል፣ ወደ ታች አይመለስም አለች።

“ጋብቻስ?”

አንጓች ቀላች። “ይመለሳል፤ አያልፍም፤ አንድ ብቻ ነው።”

አዛዥ ቢተው የቆረጠሙትን ዋጡ። ቢሳቁ ደስ ባላቸው፤ ነገር ግን አዛዥ ናቸው። ጥንት ያዘዙት ንጉሡ ቢሆኑም የቋጠሮው ሥልጣን ዛሬ የእሳቸው መሆኑን ለራሳቸው አስታወሱ። ከዚያ እንዲህ አሏት፦ “እፈቅዳለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ሦስተኛው ጉተታ ያው ሦስተኛ ነው። የድሮው ቋጠሮ ቢዋሽ የቋጠሮው ጥፋት ነው ትዪ ነበር። አዲሱ ዘመዳሞች ናችሁ ካለ ግን እውነት ነው፤ ምንም የምትዪው የለሽም።”

ይህን አስባበት ነበር። ሌላው ሰው ያላሰበው እሷ ያሰበችው ይሄንኑ ነው። “ይሁን” አለች።

ያን ቀንና ሦስተኛውን ቀን እስከ ቀትር ቋጣሪዎቹ ሁሉ መሰላል ላይ ዋሉ። እንደ ገበያ ነበር። ፀጉር ቆራጩ ክሩን ራሴ ካላየሁ ብሎ መሰላሉን ይዞ ቆመ። ባልቴቷ ሕፃኑን ታቅፈው መጡ፤ የእናትነቱ ክር ሲቋጠር ሕፃኑ አለቀሰ፣ እሳቸውም ዛሬ ብታለቅስም እሄዳለሁ አሉት። መምህሩ መቀመጥ ይፈቀድልኛል ወይ ብለው ጥርሷ የወለቀችውን ልጅ ጠየቁ፤ ከልማድ ነው። ከቀዩ ክር ውስጥ ጋብቻው ተለይቶ ወጣ፤ የቀረው የዘር ሐረግ ከሕያዋን ወደ ሙታን፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ፣ ወደ ላይ ብቻ ተቋጠረ።

በቀትር ሁሉም ወረደ። አያ ሙጬ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የአዛዡን ጥቁር ክር ጎተቱ። የወይዘሮ ደብሬ ቃጭል ጮኸ፤ የአዛዥ ቢተው ቃጭል ዝም አለ። ሰዉ ተነፈሰ። አዛዡ ከራሳቸው ጋር ተቀምጠው ቆረሱ፤ ሁለት ቀን ቆሎ የበላ ሰው እንደሚጎርሰው ጎረሱ።

የአንጓችና የይርሳው ተራ ደረሰ።

መጀመሪያ የአንጓች ሐረግ ተጎተተ። ቃጭሎቹ እናቷን፣ አባቷን፣ አያቶቿን እያሉ ረድፍ በረድፍ ወደ ጣራው ወጡ፤ አንድ ቋጣሪ በመሰላል እየተከተለ የጮኸውን ሁሉ ኖራ ቀባ። ቀጥሎ የይርሳው ተጎተተ። ኖራ የተቀባ ቃጭል ከጮኸ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ማለት ነው። የእሱም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አንደኛው ረድፍ፤ ያልተቀቡት ብቻ ጮኹ። ሁለተኛውም፤ ሦስተኛውም። ይርሳው ለመጀመሪያ ጊዜ አላወራም። አንጓች ዓይኗን ጨፈነች።

ከላይ፣ ከጣራው ሥር፣ አንዲት ነጭ ቃጭል ጮኸች።

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ወይኔ አለ። የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው። የስንተኛ ቤት እንደሆነች ግን ቆጥሮ መናገር የአዛዡ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቢናገረው ቁጥሩ አይጸናም። ሁሉም ወደ አዛዡ ዞረ። የአዛዡ ሁለት ጉንጭ ሞልቷል።

አዛዥ ቢተው ማኘካቸውን ሳያቋርጡ ተነሡ። ጣታቸውን ከታችኛው ረድፍ ጀምረው ወደ ላይ አስኬዱ። አንድ ረድፍ፤ አኘኩ። ሌላ ረድፍ፤ አኘኩ። ከአራተኛው ላይ አጥንት አገኙ፤ አውጥተው አስቀመጡት። ከስድስተኛው ላይ ተሳስተው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ይርሳው የአንጓችን እጅ ያዘ፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር። አዛዡ ጣራው ሥር ደረሱ፤ ዋጡ፤ ውሃ ጠጡ፤ አፋቸውን ጠረጉ።

“ስምንት” አሉ።

የሕዝቡ ጩኸት ያለ ክር ቃጭሎቹን ሁሉ አንጫጫቸው።

ተራቹ ክሩን እዚህ ላይ መበጠስ ይችል ነበር። ሰርጉን ያየ አይቶታል፤ አዛዡና ወይዘሮ ደብሬ እንዳልታረቁ፣ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ጠባቸው ከሁለቱ አልፎ እንዳልሄደ፣ የፀጉር ቆራጩም ፀጉር እንደ በቆልት እንደበቀለ የሰማ ሰምቷል። አንዲት ነገር ግን ትቀራለች። በሰርጉ ቀን አያ ሙጬ ግራ እጃቸው ሥራ አጥቶ ይከፈትና ይጨበጥ ነበር። አንጓች አየችው። ከዶሮዎቹ የተመለሰውን ከበሮ፣ ላባውን ሳታራግፍ፣ አንገታቸው ላይ አጠለቀችላቸው። አርባ ዓመት ድምፅ ያፈነው እጅ የመጀመሪያውን ምት ሲመታ ላባው ብን ብሎ ወጣ።